መስታወቱ ምን ያያል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ግማሽ ያህሉ ስለ መስታወት ናቸው። በጣም ነው ደስ ያለኝ፤ ያደግሁት መስታወት ቆራጭ ቤት ነውና። የአባቴ ሱቅና መኖሪያችን በአንድ በር ነበር የሚገናኙት። አልማዙ መስታወቱ ላይ ሲሄድ የሚያወጣውን ሲጥጥ የሚል ድምፅ እየሰማሁ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ደንበኛ መጥቶ «አንድ ሜትር በስልሳ ቁረጥልኝ» ሲለው አባቴ ሜትሩን ከማንሳቱ በፊት «ከፊት ለፊቱ ምን አለ?» ይል ነበር። አንዳንዱ ይገረማል፤ አንዳንዱም «አንተ ምን አገባህ፣ ዝም ብለህ ቁረጥ» ብሎ ይቆጣል። አባቴ ግን መልሱን ሳይሰማ አልማዙን አያነሳም።

ቤት ማስዋብን ሥራዬ ካደረግሁ 22 ዓመት ሆነኝ። እኔም ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ሥዕል የሚያሳየው ራሱን ነው፤ መስታወት ግን የሚያሳየው ፊት ለፊቱ ያለውን ነው። የጫማ ክምር ፊት ከሰቀላችሁት ሁለት የጫማ ክምር ይኖራችኋል። አበባ ፊት ከሰቀላችሁትም እንደዚያው። ወደ ደብዳቤዎቹ ልለፍ።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ከተጋባን አምስት ወራችን ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ተከራይተናል። ሳሎናችን ጠባብ ነው፤ ብርሃን የሚገባውም በአንድ መስኮት ብቻ ነው። ባለቤቴ አጎቱ ቤት አይቶ አንዱን ግድግዳ ሙሉ በሙሉ መስታወት እናልብሰው ይላል። እኔን ግን ሳስበው ይከብደኛል። ምን ይሉናል?»
ሙሽራዋ፣ ከጀሞ

ልጄ፣ ጋብቻችሁን የአብርሃም የሣራ ያድርግላችሁ። የከበደሽ በከንቱ አይደለም። ግድግዳ ሙሉ በሙሉ መስታወት ሲለብስ ዓይን ማረፊያ ያጣል። ቡና ስትቀጂ ራስሽን ታያለሽ፤ እንግዳሽም ሲጎርስ ራሱን እያየ ይሳቀቃል። ክብደቱንም አስቢው። ባለ 4 ሚሊ ሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ይመዝናል። ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል የሆነ ግድግዳ ስታለብሱ 75 ኪሎ ነው፤ ያውም በኪራይ ቤት። በማጣበቂያ የተለጠፈ ደግሞ ስትለቁ ሳይሰበር አይነሳም።

የባለቤትሽን ሐሳብ ግን አትጣይው፤ እሱ የፈለገው ቤቱ እንዲሰፋና እንዲበራ ነው። ለዚያ አንድ መስታወት ይበቃችኋል፤ 80 ሳንቲ ሜትር በ1 ሜትር ከ20፣ ክብደቱም 10 ኪሎ አይሞላም። ወሳኙ ቦታው ነው። ብዙ ሰው ከመስኮቱ ትይዩ ይሰቅለዋል፤ እናንተ ቤት ግን ይህ አይሆንም። የኮንዶሚኒየም ብሎኮች ተቀራርበው የተሠሩ ስለሆነ የወዲያኛውን ብሎክ በረንዳ፣ የተሰጣውን ልብስና ዲሹን ሳሎንሽ ውስጥ ታገኚዋለሽ። የገባውንም ብርሃን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ከመስኮቱ ጎን ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከመስኮቱ ግማሽ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ሲሰቀል ግን ብርሃኑን በጎን ተቀብሎ ወደ ጨለማው የሳሎን ጥግ ይልከዋል። ከዚያ ጥግ ያለው ግድግዳ ነጭ ወይም ክሬም ቀለም ቢቀባ ደግሞ ልዩነቱን በዓይንሽ ታይዋለሽ።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉልኝ። ጋዜጣ አጣብቃችሁ በልኩ ቁረጡና ግድግዳው ላይ ለጥፉት፤ ሦስት ቀን ይቆይ። ከዚያ አንቺ ሶፋው ላይ ተቀመጪ፣ ባለቤትሽ ደግሞ ትንሽ የእጅ መስታወት ይዞ ጋዜጣው ላይ ከቦታ ቦታ ያንቀሳቅስልሽ። የምታይው ሁሉ ትልቁ መስታወት የሚያሳይሽ ነው። የኩሽናው በር ከታየሽ ትንሽ ወደ ጎን ይሂድ።

የመስኮታችሁን አቅጣጫም እዩ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል። መስኮታችሁ ደቡብን የሚያይ ከሆነ በታኅሣሥ ፀሐይዋ መስታወቱን ነክታ ሶፋው ላይ የተቀመጠውን ሰው ዓይን ታጥበረብራለች። እንዲህ ከሆነ ከመስኮቱ አንድ ሜትር ተኩል አርቁት፤ ወይም ስስ መጋረጃ ይኑር።

ስትሰቅሉት ሚስማር መትታችሁ እንዳይሆን አደራ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ሚስማር ዛሬ ቢይዝ ነገ ይላላል። በድሪል ይቀደድ፣ ፊሸር ይግባ፣ በቪቴ ይታሰር፤ ከላይ ሁለት ቦታ። ከሥር ደግሞ ክብደቱን የሚሸከም ማረፊያ ብረት ይኑረው። አከራያችሁንም አስፈቅዱ።

«እኔና ባለቤቴ ከአራት ልጆች ጋር እንኖራለን። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ከራስ እስከ እግሩ ራሱን ማየት ይፈልጋል። መስታወት ላሠራ ስሄድ ባለሙያው ሙሉ ቁመት እንዲታይ በትንሹ 1 ሜትር ከ80 ያስፈልጋል አለኝ። ዋጋው ከበደኝ። እኔ 1 ሜትር ከ80 ነኝ፤ ትንሹ ልጄ 1 ሜትር ከ20 ይሆናል።»
አባወራ፣ ከደሴ

ጋሼ፣ ገንዘብዎን ይያዙት። ሰው ሙሉ ቁመቱን ለማየት የሚያስፈልገው የቁመቱ እኩሌታ የሆነ መስታወት ነው። አባቴ ይህን ለደንበኞቹ ሲናገር የሚያምነው አልነበረም፤ ስለዚህ ሳሙና ይዞ መስታወት ላይ ምልክት እያደረገ ያሳያቸው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓይንዎ ከወለሉ 1 ሜትር ከ70 ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የእግርዎን ጫፍ የሚያዩት ከዓይንዎና ከወለሉ እኩል ርቀት ላይ ባለው ነጥብ ነው፤ ይኸውም 85 ሳንቲ ሜትር ላይ። አናትዎን የሚያዩት ደግሞ 1 ሜትር ከ75 ላይ። በሁለቱ መካከል ያለው 90 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የትንሹ ልጅዎ ዓይን 1 ሜትር ከ10 ላይ ቢሆን እግሩን የሚያየው 55 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ በ55 ሳንቲ ሜትር፣ የላይኛው በ1 ሜትር ከ75 ቢሆን ቤተሰቡን በሙሉ ያገለግላል፤ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20 ማለት ነው። ወደ ኋላ መሸሽ ምንም አይጨምርም፤ መቅረብም አይቀንስም። መስታወቱ ግን በውኃ ልክ ተለክቶ ቀጥ ብሎ መሰቀል አለበት፤ ካጋደለ ስሌቱ ይፈርሳል። ስፋቱ 45 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ከውጭው በር አጠገብ ይስቀሉት፤ ፊት ለፊቱም ባዶ ግድግዳ ይሁን፤ ልጆቹ ልብሳቸውን እንጂ ከኋላቸው ያለውን ዕቃ እንዳያዩ።

«ገበያ ላይ ያለው የመስታወት ፍሬም ሁሉ ወርቅማ ፕላስቲክ ነው። የእኔ ቤት መሶቡ፣ አገልግሉ፣ የእናቴ ጥልፍ ያለበት ቤት ነው፤ ከዚያ ጋር አልሄድ አለኝ። በእኛው ነገር መስታወት ማስጌጥ አይቻልም?»
መምህርት፣ ከጎንደር

እህቴ፣ ይቻላል እንጂ! ይህን ጥያቄ ከጎንደር ማግኘቴ ደግሞ ልዩ ነው። ቀዳማዊ ኢያሱ (እ.ኤ.አ. ከ1682 እስከ 1706 የነገሡት) ግንባቸውን ከውስጥ በዝሆን ጥርስ፣ በመስታወትና በዘንባባ ሥዕል አስጊጠውት እንደነበር ይነገራል። ዛሬ የቀረው ድንጋዩ ነው። ግቢው ውስጥ ቆሜ ያንን ባዶ ግድግዳ ሳይ የመጣልኝ ሐሳብ የሻማ ብርሃን ነበር፤ መብራት በሌለበት ዘመን ከመስታወት ፊት የተቀመጠ አንድ ሻማ ሁለት ሆኖ ነው የሚታየው።

እኔ እንደ ሰፌድ መስታወት የምወደው ነገር የለም። ሳሎኔ ውስጥ ሦስት አሉኝ፤ አሠራሩን ልንገርሽ። የተሰፋ ሰፌድ ገዝተሽ መሐሉን እንዳትቆርጪ፤ ስፌቱ እየተተረተረ ያልቃል። ሰፊዋን ከመሐል ሳይሆን ከቀለበት እንድትጀምርልሽ ንገሪያት። መጀመሪያ መስታወቱን ክብ አድርገሽ አስቆርጪ፤ ስፋቱ 35 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ጠርዙ በደንብ ይሞረድ። ክብደቱ አንድ ኪሎ አይሞላም። ከዚያ የቀለበቱ ውስጠኛ ክብ 32 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን አስለኪ፤ እንዲህ ሲሆን ስፌቱ የመስታወቱን ጠርዝ ዙሪያውን አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ይሸፍነዋል። ከዚያ ወዲያ አክርማው እየተጠቀለለ፣ በወስፌ እየተወጋ ወደ ውጭ ይሰፋል። የእኔዎቹ ጣት በሚያህል ስፋት ቀይና ጥቁር እየተፈራረቁ ሄደው መጨረሻቸው ተፈጥሯዊው የስንደዶ ቀለም ነው። መስታወቱና ስፌቱ መካከል ስስ የጥጥ ጨርቅ ይግባ፤ ከኋላው ክብ ኮምፔንሳቶ ይደረግና ከቀለበቱ ጋር በክር ይሰፋ። ማንጠልጠያው የቆዳ ጠፍር ቢሆን ያምራል።

የመጀመሪያውን የሰፉልኝ ሴት ሲጨርሱ ፊታቸውን መሐሉ ላይ አይተው «ዕድሜ ልኬን ሰፍቼ ራሴን ሰፌድ ውስጥ ያየሁት ዛሬ ነው» አሉኝ። ዛሬም ባለፍሁ ቁጥር ትዝ ይሉኛል።

ሦስቱን በተለያየ መጠን አሠሪያቸው፤ 35፣ 25 እና 20 ቢሆኑ ጥሩ ነው። ጥልፉ ካለበት ግድግዳ ትይዩ ይሰቀሉ። ያኔ የእናትሽ ሥራ በእያንዳንዱ ውስጥ በቁራጭ በቁራጭ ይታያል።

ሌላም አለ። መርካቶ ምናለሽ ተራ አንድ ጊዜ ባለ አራት ቀዳዳ አሮጌ የእንጨት መስኮት አገኘሁ። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ግማሽ ድረስ ፋቅሁት፤ መስታወቶቹን አውጥቼ በቦታቸው የፊት መስታወት አስገባሁ። አሁን መስኮት በሌለው ኮሪደር ላይ ተሰቅሎ የገባ ሰው ሁሉ «ወዲያ ማዶ ምን አለ?» እያለ ይጠይቃል። እናንተ ጋ የሚፈርስ አሮጌ ቤት ካለ መስኮቱ ለማገዶ ሳይሄድ ድረሺበት።

«እትዬ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ አፓርታማ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ግድግዳ መብሳት አይፈቀድም። ትልቅ መስታወት ገዝቼ ወለሉ ላይ አስደግፌዋለሁ፤ የሁለት ዓመት ልጄ ግን ሁሌ እሱ ጋ ናት፣ ራሷን ትስማለች። ደግሞ ክረምት ሲመጣ ቤቱ ቶሎ ይጨልምብኛል።»
እናት፣ ከሜሪላንድ

እመቤቴ፣ መጀመሪያ ልጅቷ። ያልታሰረ የቆመ መስታወትና የሁለት ዓመት ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ መሆን የለባቸውም። ይህን መልስ እስክታነቢ ድረስ እንዳለ ከሆነ አሁኑኑ አጋድመሽ ከአልጋ ሥር አስገቢው። እዚያ አገር ግድግዳው እንደ እኛ ብሎኬት አይደለም፤ ጂብሰም ቦርድ ነው። ከኋላው ቋሚዎች አብዛኛውን ጊዜ በየ16 ኢንቹ፣ ማለትም 40 ሳንቲ ሜትር ያህል እየተራራቁ ቆመዋል። ቦርዱ ብቻውን አይሸከምም፤ ቋሚው ግን ይሸከማል። የቤት ዕቃ እንዳይወድቅ ማሰሪያ ቀበቶ ይሸጣል፤ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ስትለቁ በጀሶ ይደፈናል። ለአከራዩ የልጅ ደኅንነት መሆኑን ጠቅሰሽ በጽሑፍ ጠይቂ። እምቢ ካለ ትልቁን መስታወት ስጪና በቁም ሳጥን በር ላይ የሚንጠለጠል ቀላል ነገር ያዢ። የትኛውም ቢሆን ሲሰበር ቁርጥራጩን የሚይዝ ፕላስቲክ ከኋላው የተለጠፈበት መሆኑን አረጋግጪ።

ስለ ጨለማው፦ በታኅሣሥ እናንተ ጋ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ያኔ ቀን የሚያገለግለው መስታወት ጥቁር ጉድጓድ ይመስላል። መፍትሔው ከመስታወቱ ፊት፣ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ፣ ብርሃኑ ሞቅ ያለ የጠረጴዛ መብራት ማስቀመጥ ነው። ልጅሽ የማትደርስበት ኮሞዲኖ ላይ አንድ መስታወት፣ ፊቱ መብራት፣ አጠገቡ ጀበናና ሲኒዎች ቢሆኑስ? ቡና ስታፈዪ ብርሃኑም ሲኒውም እጥፍ ሆኖ ይታያል።

«የመታጠቢያ ቤቴ መስታወት ዓመት ሳይሞላው ከጠርዙ ጥቁር ነገር እየበላው መጣ። በየቀኑ በኮምጣጤ እወለውለዋለሁ፤ ምንም አልለወጠው።»
ከባሕር ዳር

ኮምጣጤውን ዛሬውኑ አቁሙት። ጥቁሩ ቆሻሻ አይደለም፤ ከፊቱ ሳይሆን ከጀርባው ነው ያለው። የዛሬ መስታወት ጀርባ ላይ ብዙውን ጊዜ ያለው እውነተኛ ብር ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ሊቢግ እ.ኤ.አ. በ1835 ብርን በኬሚካል መስታወት ላይ ማልበስ ካሳየ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው፤ ከዚያ በፊት ቆርቆሮና ሜርኩሪ ነበር። ብሩ እጅግ ስስ ነው፤ የሚጠብቀው ከላዩ ያለው ቀለም ነው። ቀለሙ የማይሸፍነው ቦታ ጠርዙ ነው። ፊቱ ላይ የምትረጩት ፈሳሽ እየወረደ ታችኛው ጠርዝ ላይ ይጠራቀማል፤ ከዚያ ወደ ጀርባው ይሳብና ብሩን ይበላዋል። የጠቆረው ተመልሶ አይነጣም። ጥቁሩ ከሁለት ሳንቲ ሜትር ካልበለጠ ግን በእንጨት ፍሬም ይሸፈናል፤ ወይም ቆራጭ ዘንድ ተወስዶ ዙሪያው ይነሳለታል።

ሌላው ምክንያት ማጣበቂያው ሊሆን ይችላል። ይህን በራሴ ላይ ደርሶ ነው የማውቀው። በሥራዬ መጀመሪያ አካባቢ የአንዲት ደንበኛዬን መታጠቢያ ቤት መስታወት በተራ ሲሊኮን አስለጠፍኩት። ሲደርቅ የኮምጣጤ ሽታ ነበረው፤ ቦታ አልሰጠሁትም። በስምንተኛው ወር ስትጠራኝ ሲሊኮኑ ባረፈበት ቦታ ሁሉ፣ ልክ በተቀባበት መስመር፣ ጥቁር ጥቁር አበባ ወጥቶበታል። አባቴ አይቶ አንድ ቃል አልተናገረም፤ አዲሱን ቆርጦ ሰጠኝ፣ እኔም በገንዘቤ ቀየርኩላት። ሲሊኮን ስትገዙ አሲድ የሌለበት፣ ለመስታወት የሚሆን ብላችሁ ጠይቁ። ስታጸዱም በለብታ ውኃ የረጠበና በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃል፤ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ጠርዙን አድርቁ። ቡና የሚፈላበት ክፍል ያለ መስታወት የዕጣን ጭስ ስብ ነገር ስለሚያለብሰው ጨርቁ ላይ ሁለት ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምሩ። መቼም ቢሆን ፈሳሹ ጨርቁ ላይ እንጂ መስታወቱ ላይ አይረጭ።

«አማቴ አልጋ ፊት ለፊት መስታወት መኖር የለበትም ይላሉ። በመጡ ቁጥር በነጠላ ይሸፍኑታል። እርስዎ ምን ይላሉ?»
ከአዳማ

እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። ሌሊት ለውኃ ብድግ ያለ ሰው ከፊቱ የሚንቀሳቀስ ጥላ ሲያይ ይደነግጣል፤ ከመንገድ የሚገባ የመኪና መብራትም በመስታወቱ ተመልሶ ዓይን ላይ ያርፋል። ደግሞ ያ መስታወት ቀኑን ሙሉ የሚያየው አልጋ ነው፤ ያልተነጠፈ ዕለት ሁለት ያልተነጠፈ አልጋ ይኖርሻል። ወደ ቁም ሳጥኑ በር ውስጠኛ ፊት አዛውሪው፤ ስትለብሺ ትከፍቺዋለሽ፣ ስትተኚ ትዘጊዋለሽ። በሚቀጥለው ሲመጡም ራስሽ ከፍተሽ አሳያቸው፤ ደስ ይላቸዋል።

«ፊት አጉልቶ የሚያሳይ ክብ መስታወት አለኝ፤ ለብርሃኑ ብዬ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሰሞኑን መጋረጃዬ ላይ እንደ ካውያ ጠባሳ ያለ ቡናማ መስመር አየሁ። ከምን ይሆን?»
ከሐዋሳ

ከዚያው መስታወት ነው። የሚያጎላ መስታወት ፊቱ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ የፀሐይን ጨረር አንድ ነጥብ ላይ ይሰበስባል። ፀሐይዋ ስትንቀሳቀስ ነጥቡም አብሮ ይሄዳል፤ መጋረጃሽ ላይ መስመር የሆነው ለዚህ ነው። አንድ ቀን ቆም ብሎ ቢቆይ እሳት ነው። አንብበሽ እንደጨረስሽ አንሺውና መሳቢያ ውስጥ አስገቢው፤ ስትፈልጊው አውጥተሽ፣ ስትጨርሺ መልሰሽ። መስኮቱ ደፍ ላይ የአበባ ማሰሮ ይቀመጥበት።